ግንቡ ሥር የተነሣው እጅ

ኦክቶበር 6፣ ሰኞ

ጓደኛዬ ገነት ይህን ደብተር የሰጠችኝ ለነርሲንግ ፈተናው ማጥኛ ብላ ነው። ስለ ልብና ስለ ኩላሊት ሁለት ገጽ ጻፍኩበትና ተውኩት። ስለ ኩላሊት ባነበብኩ ቁጥር ወንድምጋሼ ፊቴ ላይ ድቅን ይላል። እናም ደብተሩን ከኋላ ገልብጬ የራሴን ነገር ልጽፍበት ነው። ፈተናው ኖቬምበር 7 ነው፤ አንድ ወር ቀረኝ።

ሥራዬ ያው ነው። በጨለማ ከቤቴ ከፌደራል ዌይ ተነስቼ፣ አይ ፋይቭ አውራ ጎዳና ላይ ከሰው ሁሉ ጋር ተሰልፌ፣ ማውንት ቤከር ሰፈር፣ የምንከባከባቸው ሚስተር ሬናቶ ቤት እገባለሁ። ሰማንያ ሰባት ዓመታቸው ነው። በአስራ ስምንት ዓመታቸው ከጣሊያን መጥተው ዕድሜ ልካቸውን እዚህ ድንጋይ ሲያነጥፉ ኖረዋል። ስትሮክ ቀኝ እጃቸውን ወስዶታል፤ አንደበታቸውን ግን አልነካባቸውም፤ ቡናዬ ቀጥኗል ለማለት አይሰንፉም።

ኦክቶበር 8፣ ረቡዕ

ዛሬም ልክ ሁለት ሰዓት ሲሆን ታብሌቱን ጉልበታቸው ላይ አደረግሁላቸው። ሞንቴሳሎ የምትባለው የትውልድ ከተማቸው ኮረብታ ላይ ናት፤ ማዘጋጃ ቤቱ አደባባዩ ላይ ካሜራ ተክሎ ቀን ከሌት አንድ ግንብ ያሳያል። ግንቡ አራት ማዕዘን ሆኖ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የወጣ፣ ስምንት መቶ ዓመት ያለፈው የድንጋይ ግንብ ነው። አናቱ ላይ ሣር በቅሎበታል፤ አንዱ ማዕዘኑ ፈርሶ በሸክላ ተጠግኗል። መጀመሪያ ቀን ሳየው ሳያልቅ የቀረ ፎቅ መስሎኝ፣ «ሲሚንቶ አልቆባቸው ነው?» ብያቸው በሳቅ ሊሞቱ ነበር። ድሮ ባለጸጋ ሁሉ ጎረቤቱን ለመብለጥ ግንብ ያቆም ነበር አሉ። ዘጠኝ ነበሩ፤ ይሄ ብቻ ቀረ። የሰው ፉክክር የትም ሀገር ያው ነው።

እዚህ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሆን እዚያ ከቀኑ አስራ አንድ ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት እህታቸው ኢዳ ቀይ ሻሿን አስራ ከጥግ ብቅ ትላለች። እሷም ሰማንያ አራት ዓመቷ ነው። ግንቡ ሥር ካለው የድንጋይ መቀመጫ ደርሳ አረፍ ትላለች፤ ትንፋሿን ሰብስባ ወደ ካሜራው ቀና ትልና እጇን ታነሳለች። እሳቸውም እዚህ ግራ እጃቸውን ያነሳሉ። ጆሮዋ ስለማይሰማ ስልክ አይሆንላቸውም፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው የሚነጋገሩት።

«እሷ እኮ አታይዎትም» አልኳቸው።

«ታውቃለች» አሉኝ።

ኦክቶበር 12፣ እሁድ

ወንድምጋሼ ደወለ። በየእሁዱ ከቤተክርስቲያን መልስ ይደውላል። ስሙ ሳህሌ ነው፤ እኔ ግን በስሙ ጠርቼው አላውቅም። አባታችን ሲሞት ሰባት ዓመቴ ነበር። ቡታጅራ የሚስማርና የቆርቆሮ ሱቅ ከፍቶ አሳደገኝ፣ አስተማረኝ፣ ዳረኝ።

ድምፁ ደከም ብሎብኛል። ስለ ዳያሊሲሱ ስጠይቀው፣ «የኔን ኩላሊት ተይና የራስሽን ፈተና አስቢ» አለኝ። «ነርስ ስትሆኚ መርፌውን አንቺ ትወጊኛለሽ። እነዚህ እጃቸው ከባድ ነው።» ሚስቱ ባየሽ ከኋላ ስትስቅ ሰማኋት። ከፈተናው በኋላ እሄዳለሁ። ለገና።

ኦክቶበር 17፣ ዓርብ

ግንቡ መሬት ላይ በር የለውም። ይህን ሁሉ ጊዜ ሳየው ኖሬ ዛሬ ነው ያስተዋልኩት። በሩ ያለው ከሁለት ሰው ቁመት በላይ ነው። ሚስተር ሬናቶ እንደነገሩኝ ድሮ ጠላት ሲመጣ ሰዎቹ በመሰላል ይገቡና መሰላሉን ወደ ውስጥ ይስቡት ነበር። አንድ ጊዜ ጠላት ከሄደ በኋላ አስራ አንድ ቀን እዚያው ተቀመጡ ይባላል። ከተማው ውስጥ ብዙ ሰው አልቆ ነበር። ውጭ የቀሩት ዘመዶች፣ ወርደው ይህን ከሚያዩ ትንሽ ይቆዩ፣ እስክንቀብር አይስሙ ብለው ጠላት መሄዱን ሳይነግሯቸው ቀሩ።

«ከዚያስ?» አልኩ።

«ውሃ አለቀባቸው።»

ሚስተር ሬናቶ ምሳቸውን በሉ። ስለ ደም ግፊት ሃያ ጥያቄ ሠራሁ፤ ስድስቱን ሳትኩ።

ኦክቶበር 26፣ እሁድ

ወንድምጋሼ አልደወለም። ስደውልለት አይጠራም፤ የባየሽም አይጠራም። ባለቤቴ ዘካሪያስ፣ «በዚያ አካባቢ ኔትወርክ ተቋርጧል፤ ሰዎች ሲያወሩ ሰምቻለሁ» አለ።

ቤተክርስቲያን አቶ ተክለ ጻድቅ፣ የእድራችን ሰብሳቢ፣ እጄን ይዘው ቆዩ። «ፈተናሽ መቼ ነው፣ ልጄ?»

«ኖቬምበር ሰባት፣ ዓርብ ነው አባባ። ይጸልዩልኝ እንጂ።»

ዘካሪያስን አዩት። «እንግዲህ በማግሥቱ ቅዳሜ ነዋ» አሉ። ቅዳሜ ምን እንዳለ አልጠየቅኩም። ሰው ሁሉ ዛሬ ሲስመኝ ጠበቅ አድርጎ ነው። ፈተናው ያስጨነቀኝ እኔን ብቻ መስሎኝ ነበር።

ዘካሪያስ ሰሃን አጠበ። በአስራ ስድስት ዓመት ትዳራችን ሰሃን ያጠበው ሁለቴ ነው፤ አንዱ ልጃችን ሀሴት የተወለደች ዕለት ነበር። ከዚያ ስልክሽ አፕዴት ያስፈልገዋል ብሎ ወሰደና ፌስቡኬንና ቴሌግራሜን አጥፍቶ መለሰልኝ። እስክትፈተኚ እንዳትዘናጊ ነው አለ። እውነቱን ነው፣ እዘናጋለሁ።

ኦክቶበር 27፣ ሰኞ

ሁለት ሰዓት ላይ ኢዳ አልመጣችም። ሚስተር ሬናቶ አልተጨነቁም። ጣሊያን ትናንት ሰዓት ቀይሯል፣ እኛ ገና ነን፤ ስለዚህ ሦስት ሰዓት ላይ ትመጣለች አሉና ቡና አስደገሙኝ።

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የቤቱ ስልክ ጮኸ። ወጥ ቤት ሄጄ አነሳሁት። የኢዳ ልጅ ሲልቪያ ናት። ኢዳ ትናንት ማታ ዐርፋለች። ቀብሩ ረቡዕ በእነሱ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ለካርላ ብትደውልላት አላነሳችም። ካርላ የሚስተር ሬናቶ ልጅ ናት፤ አብራቸው ነው የምትኖረው፤ አሁን ግን ለሥራ ሲንጋፖር ናት፤ ዓርብ ማታ ትመለሳለች። «ለአጎቴ ንገሪው፤ በካሜራው ያየናል» አለችኝ ሲልቪያ። «እሺ» አልኳት።

እሺ ብዬ አልነገርኳቸውም።

እንዴት ብዬ ነው የምነግራቸው? መርዶ ለብቻው ለተቀመጠ ሰው አይነገርም። ሽማግሌ ይጠራል፣ ሰው ይሰበሰባል፣ በማለዳ ይገባል፤ አንዱ ደግፎ ይይዛል፣ አንዱ ይናገራል። እናቴ የአባቴን ሞት የሰማችው እንዲህ ነው፤ እኔም እዚህ ሀገር ስንት ቤት በማለዳ አንኳኩቻለሁ። እኚህ ስትሮክ የመታቸው ሰው ናቸው፤ ቤቱ ውስጥ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። ቢወድቁስ? ልጃቸውም ብትሆን በሰው ሀገር ሆቴል ውስጥ ብቻዋን ናት፤ ደውዬ እናትሽን የምታህል አክስትሽ ሞተች ልበላት? ዓርብ ማታ ትደርሳለች። ቅዳሜ እንደ ወጉ ይነገራቸዋል።

ሦስት ሰዓት ሊሞላ ሲል የኢንተርኔቱን ሳጥን ከግድግዳው ነቀልኩት። «ኔትወርክ ተቋርጧል» አልኳቸው። ለማታዋ ሠራተኛም ያንኑ ነገርኳት።

ኦክቶበር 28፣ ማክሰኞ

«ኔትወርኩስ?» «ገና ነው።» አራት ጊዜ። አምስተኛው ላይ መታጠቢያ ቤት ገባሁ።

ማታ ገነት ዶሮ ወጥ ይዛ መጣች። ገነት ለፋሲካ እንኳ ድስት ተሸክማ አትመጣም። ነገ ጾም ነው፣ ዛሬ ብዪ፣ ከስተሻል እያለች አጎረሰችኝ። ጓደኛ ማለት እንዲህ ነው። የወንድምጋሼ ስልክ አሁንም አይጠራም።

ኦክቶበር 29፣ ረቡዕ

ይህን መጻፍ አልፈልግም ነበር።

ሊነጋጋ ሲል ደረስኩ። አጠብኳቸው፣ አለበስኳቸው። ሰማያዊውን ሸሚዝ አምጪ አሉ፤ ኢዳ የምትወደው እሱን ነው። ምናልባት ዛሬ ኔትወርኩ ይመጣል አሉ። መስኮቱ ጋ አስቀመጥኳቸው። ታብሌቱን ጉልበታቸው ላይ አድርጊልኝ አሉኝ፤ ያልበራውን ታብሌት አደረግሁላቸው።

ወጥ ቤት ገብቼ አጃቸውን ጣድኩና በራሴ ስልክ የግንቡን ካሜራ ከፈትኩ። ለምን እንደከፈትኩ አላውቅም። ምናልባት ሙታናቸውን እንዴት እንደሚሸኙ ለማየት ነው። ምናልባት አንድ ሰው እንኳ ከዚህ ቤት ይያት ብዬ ነው። ለሁለት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ሬሳው ከቤተክርስቲያኑ ወጣ። ዝናብ ነበር። ስድስት ሰዎች ተሸክመው ግንቡ ሥር ሲደርሱ ቆሙና አስከሬን ሳጥኑን በዚያው በድንጋዩ መቀመጫ ላይ አሳረፉት። ድምፅ የለውም፤ ደወል እየተደወለ እንደሆነ ያወቅኩት ርግቦቹ ከግንቡ አናት ሲነሱ አይቼ ነው። ሁሉም ሰው ባርኔጣውን አወለቀ። ከዚያ አንዲት ሴት ከሰዎቹ መሀል ወጣች። ሲልቪያ መሆን አለባት። ቀይ ሻሹን ከቦርሳዋ አወጣች፤ ወደ ካሜራው ዞራ ሻሹን እንደያዘች እጇን አነሳች።

እጇን ቶሎ አላወረደችም። ዝናቡ ፊቷ ላይ እየወረደ ቆመች።

ከሳሎን «ሽቱ፣ እስቲ አሁን ሞክሪው» ብለው ጠሩኝ።

«ገና ነው፣ ሚስተር ሬናቶ» አልኩ።

አጃው አረረ። ሌላ ጣድኩ። ለእሳቸው ብዬ ነው። ለእሳቸው ጤና ብዬ ነው።

ኦክቶበር 30፣ ሐሙስ

አልጠየቁኝም ዛሬ። ሰማያዊውን ሸሚዝ ድገሚልኝ አሉ እንጂ።

ኖቬምበር 1፣ ቅዳሜ

እንደ ወጉ አደረግሁት። አቶ ተክለ ጻድቅን ትናንት አማክሬያቸው ነበር። «ሰው ይዘሽ ግቢ፣ በማለዳ» አሉኝና ራሳቸውም መጡ። ገነትም ጥቁር ለብሳ መጣች። ከፌደራል ዌይ እስከ ማውንት ቤከር ገነት ስታለቅስ ነው የመጣችው። አይታት ለማታውቀው ጣሊያናዊት። «ተይ እንጂ፣ ገና ሳንደርስ» ብላት ባሰባት። አቶ ተክለ ጻድቅ ወደ መስኮቱ ዞረው ነበር።

አስራ ሁለት ሰዓት ላይ አንኳኳን። ካርላ በሌሊት ልብሷ ከፈተችልን፤ ሦስት ጥቁር የለበሱ ሰዎች ስታይ ግድግዳውን ያዘች። አቶ ተክለ ጻድቅ በተሰባበረ እንግሊዝኛቸው ቁጭ በዪ አሏት። እኔ ተናገርኩ። መቼ ነው አለች። እሁድ አልኩ። የትኛው እሁድ?

ሚስተር ሬናቶ ካልጋቸው ሰምተዋል። ገብቼ እጃቸውን ያዝኩ። ደግፌ እይዛቸዋለሁ ብዬ ነበር፤ እሳቸው ግን አልወደቁም። ጣራውን እያዩ ጠየቁኝ።

«ቀብሩ ረቡዕ ነበር?»

«አዎ።»

«ግንቡ ሥር አሳረፏት?»

«አዎ።»

«አንቺ በምን አወቅሽ?»

ብርድ ልብሳቸውን አስተካከልኩ።

«አይተሻል» አሉ። «እጅ ያነሳ ነበር?»

«ሲልቪያ። በቀይ ሻሹ።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ማን መለሰላት?» አሉ።

ካርላ በሩ ላይ ቆማ ነበር። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። «ይህ የአባቴ ሐዘን ነበር» አለችኝ። «ማን ሰጠሽና ነው አንቺ ያስቀመጥሽው?» እኔ ስንት ቤት ገብቼ እንደዚህ አድርጌ ተመርቄበታለሁ። ማንም እንዲህ ብሎኝ አያውቅም።

ኖቬምበር 2፣ እሁድ

ወንድምጋሼ ዛሬም አልደወለም። ዘካሪያስ «አልኩሽ እኮ፣ ኔትወርኩ ነው» አለ። የኔው ቃል ነው። ሻይ አፈላሁ። ስለ ሳንባ አጠናሁ። ሰው ክፉ ማሰብ ከጀመረ ማቆሚያ የለውም።

ኖቬምበር 4፣ ማክሰኞ

የቀጠረኝ ኤጀንሲ ኮል አደረገ። ከሚስተር ሬናቶ ቤት አንስተውኛል። ቤተሰብን የሚመለከት መረጃ መደበቅ ይላል ወረቀቱ። መደበቅ። እኔ ያቆየሁ ነበር የመሰለኝ። ለዘካሪያስ ስነግረው የጠቀለለውን እንጀራ ሰሃኑ ላይ መለሰ። «ግን እኮ ለሱ ብለሽ ነው» አለ። «አዎ» አልኩ። ሁለታችንም ምግቡን ተውነው።

ኖቬምበር 6፣ ሐሙስ

ካርላ ደወለች። አባቴ ሊያይሽ ይፈልጋል፣ እኔ አልፈለግኩም ነበር አለች። ሄድኩ። እሷ ፎቅ ላይ ሆነች።

«ሁሉንም ንገሪኝ» አሉ። «ሳትቸኩዪ።»

ነገርኳቸው። ዝናቡን፣ ስድስቱን ሰዎች፣ የትኛው አጭር እንደነበርና ሳጥኑ ወደ እሱ እንዳጋደለ። ርግቦቹን። አንዲት ልጅ ጃንጥላዋን ሳጥኑ ላይ እንደዘረጋች። ስለ ርግቦቹ ሁለቴ አስደገሙኝ። ሻሹ ላይ ስደርስ ግራ እጃቸው ከብርድ ልብሱ ላይ ትንሽ ከፍ አለችና ተመልሳ ወደቀች።

«ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው።

«ግንቡ ውስጥ ስለቀሩት ሰዎች ነግሬሽ ነበር» አሉ።

«ነግረውኛል።»

«ውጭ የነበሩት ክፉ ሰዎች አልነበሩም።»

ከዚያ እንዲያው ለወጉ ያህል፣ «ወንድምሽስ እንዴት ነው? በየእሁዱ የሚደውለው?» አሉኝ።

«ሁለት ሳምንት ሆነው። ኔትወርክ ተቋርጧል» አልኩ።

ሚስተር ሬናቶ ቀና ብለው አዩኝ። በደህና እጃቸው እጄን ያዙና እስክነሳ ድረስ አልለቀቁኝም።

ኖቬምበር 7፣ ዓርብ

ተፈተንኩ። ስድስት የኩላሊት ጥያቄ መጣብኝ፤ ስድስቱንም ያለ ጥርጥር መለስኩ። ውጤቱ ገና ነው።

መኪናዬን ላስገባ ጋራዡን ብከፍተው ሠላሳ ታጣፊ ወንበር ግድግዳው ላይ ተደግፏል። ሦስት ካርቶን ውሃ። ዘካሪያስ «ለቤተክርስቲያን ነው» አለ። ጥቁር ሱሪው ተተኩሶ በሩ ላይ ተሰቅሏል። ሀሴት ክፍሌ ገብታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። አስራ አራት ዓመት ከሞላት ወዲህ አቅፋኝ አታውቅም። «አይ ላቭ ዩ ማሚ። አይም ሶ ሶሪ» አለች። ለምኑ አልኳት። «ናቲንግ» ብላ ወጣች።

ዘካሪያስን መጠየቅ እችላለሁ። ሳሎን ነው ያለው። ዓይኑን እያየሁ ብጠይቀው መዋሸት አይችልም፤ አውቀዋለሁ። ሁለቴ ተነሳሁ፤ ሁለቴ ተቀመጥኩ።

ይህችን አንዲት ሌሊት ይኑርልኝ።

ኖቬምበር 8፣ ቅዳሜ

አስራ አንድ ሰዓት ተኩል። አንድ መኪና ፓርክ አደረገ። ሌላ። ሌላ። በሮቹን የሚዘጉት ቀስ እያሉ ነው። ዘካሪያስ ሳይነጋ ለብሷል። የአቶ ተክለ ጻድቅ ምርኩዝ ደረጃው ላይ ይሰማኛል። ገነት ልትይዘኝ ትመጣለች፤ እሳቸው ይናገራሉ። አሠራሩን አውቀዋለሁ።

ሳያንኳኩ እከፍትላቸዋለሁ።

ኖቬምበር 9፣ እሁድ

ሰው ሞልቷል። መኝታ ቤት ገብቼ ነው የምጽፈው።

ትናንት በሩን ስከፍት አቶ ተክለ ጻድቅ አፋቸውን ሳይከፍቱ፣ «መቼ ነው የተቀበረው?» አልኳቸው። ምርኩዛቸውን አዩ። «ባለፈው ኦክቶበር ሃያ ስድስት» አሉ። ሰሃን የታጠበበት እሁድ ነው። ከዚያ በኋላ ምን እንዳልኩ አላውቅም። ወንድምጋሼ፣ አባቴ፣ እያልኩ ነበር አሉ። ድምፄ ዛሬም አልተመለሰም።

ዘካሪያስን ጥግ ይዤው ጠየቅኩት። ነገረኝ። የወንድምጋሼንና የባየሽን ቁጥር ስልኬ ላይ የዘጋው እሱ ነው። ቀብሩን ባየሽ በቪዲዮ አሳይታዋለች። እዚህ ሊነጋ ሲል ነበር፤ እኔ ተኝቼ፣ እሱ ጋራዥ፣ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ። አፈር ሊለብስ ሲል ባየሽ ስልኩን ወደ ራሷ አዙራ፣ «ሽቱስ? አለች? ታየናለች?» ብላ ጠየቀችው።

«ምን አልካት?»

«አለች አልኳት» አለ። «ለሷም ላንቺም ብዬ ነው ሽቱ። ፈተናሽ...» አልቻለም፣ አለቀሰ። ላቅፈው ፈለግኩ፤ እጄ እምቢ አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም። አንዳቸውም ክፉ ሰዎች አይደሉም።

ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል ሳሎን፣ ሰው መሀል፣ ስልኬን አወጣሁ። ካሜራውን ከፈትኩ። እዚያ እየመሸ ነው። ከግንቡ ሥር መብራት በርቷል፤ በሩ ከላይ ጨለማ ነው። ሲልቪያ ቀይ ሻሹን አስራ ከጥግ ብቅ አለች። እናቷ የምትቀመጥበት ላይ አረፍ አለችና ወደ ካሜራው ቀና ብላ እጇን አነሳች። ማውንት ቤከር አንድ ግራ እጅ እንደተነሳ አወቅኩ። እኔም የኔን አነሳሁ። ለሳህሌ ነው። ስሙን ለመጀመሪያ ጊዜ ጠራሁት።

ለቀስተኛው ዞሮ አየኝ። ገነት በርከክ ብላ ስልኩን ከእጄ ወሰደችና ኪሷ ከተተችው። «ደክሞሽ ነው፣ ትንሽ ጋደም በዪ» አለችኝ።

«ስልኬን መልሺልኝ» አልኳት።

ዘካሪያስን አየችው።

«እሱን አትዪው። እኔን ነው የምታዪው።»

መለሰችልኝ።